ሂንጅሩ የምትባለው ዳርቻ

የገላኔ ሥራ ለቀማ ነበር። መልካሳ በሚገኘው የዘር ምርምር ግቢ ከሌሎች ሴቶች ጋር ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣ ቦሎቄ ስትለቅም ወጣትነቷ አለፈ። ጡረታ እስክትወጣም ከዚያ ወንበር አልተነሳችም። ደህናው ፍሬ ወደ ቀኝ ሳህን ይገባል፣ የተበላሸው ወደ ግራ። ያጠራጠረው መሀል ላይ ይቀመጣል። ከሥራ መውጫ ላይ የመሀሉ ሳህን እንደገና ይታይና ወይ ወደዚህ ወይ ወደዚያ ይሄዳል። ሳይወሰንለት የሚያድር ፍሬ የለም፤ ደንቡ እንደዚያ ነበር።

አዳማ ያለው ቤቷ ውስጥ ግን ሳይወሰንለት ያደረ አንድ ነገር ነበራት። ትዳሯን ሙሉ መሀል ሳህን ላይ ተቀምጧል። ስሙ ሂንጅሩ ይባላል።

ቃሉን ቤት ያስገባው ባሏ አብተው ነው። አብተው የመርሐቤቴ ሰው ነበር። በልጅነቱ አዳማ ወርዶ የመኪና ረዳት ሆነ፣ ቆይቶ ሾፌር፣ ቆይቶ ባለ ሚኒባስ። እሁድ እሁድ ሥራው ላንጋኖ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሽርሽር፣ የምረቃ፣ የሙሽራ አጃቢ። ሰዎቹን ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች ባንዱ ያራግፍና አመሻሽ ላይ ሰብስቦ አዳማ ይመልሳቸዋል። በመሀል ያለው ሰዓት የራሱ ነው።

በተጋቡ ሰሞን ነው፤ አንድ እሁድ ማታ ጸጉሩ ርሶ ገባ።

«የት ዋልክ?» አለችው።

«ሂንጅሩ።»

ገላኔ ሳቋ አመለጣት። አፏን የፈታችው በአፋን ኦሮሞ ነው። «ሂንጅሩ ማለት እኮ የለም ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። ስሟ ግን ሂንጅሩ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«የቦታው ሰው።»

«የቦታው ሰው የለም ብሎሃል። አንተ ደግሞ የሌለ አገር ሄደህ ዋኝተህ መጣህ።»

«ዋኝቼ ሳይሆን ተኝቼ» አለና እራቱን አቀረበ።

በየጊዜው እየቆነጠረ ነገራት። ትንሽ ዳርቻ ናት። ሰው የለባትም። ሙዚቃ የለባትም፣ ኳስ የለባትም፣ «ሾፌር፣ መቼ ነው የምንሄደው?» የሚል የለባትም። ውሃው እግር ድረስ ይመጣል፣ ይመለሳል። አለቀ። አብተው ከዚህ በላይ ማስረዳት የሚችል ሰው አልነበረም።

«ውሰደኛ!» አለችው።

«ለፋሲካ» አለ። ፋሲካ ላይ ሚኒባሱ እስከ በሩ ሞላ። «ለመስቀል» አለ። ለመስቀልም ሞላ። እሷም እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ እሱ ሲወጣ እሷም ትወጣለች። ልጃቸው ማርቲ ተወለደች፣ አደገች፣ ባንክ ተቀጠረች። ገላኔ መጠየቅ አቆመች። ማሰብ ግን አላቆመችም።

ማስረጃ ነበራት። ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። የላንጋኖ ውሃ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፤ የአብተው ነጭ ካናቴራዎች አንዳቸውም ነጭ ሆነው አልቀሩም። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ድንጋይ ይዞላት ይመጣል። ግራጫ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ የቀለለ። «ለተረከዝሽ» ይላታል። ጥሩ ይፈገፍጋል። ሳፋ ውስጥ ሲወድቅ ግን አይሰምጥም፤ አረፋው መሀል እየተንገዋለለ ይንሳፈፋል። ገላኔ ይህን ነገር አልወደደችውም። በእሷ ሥራ ፍሬ ውሃ ውስጥ ሲጨመር የሚንሳፈፈው ባዶው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሰበች። አንዱ፣ ባሏ እንዳለው ቦታዋ አለች። ሁለተኛው፣ ባሏ ሌላ ቤት አለው፤ ያንን ቤት «የለም» ብሎ ይጠራዋል፤ እሷ ፊት ቆሞ፣ በእሷው ቋንቋ። ክፋቱ ደግሞ አብተው እንዲህ ያለ ቀልድ ይችላል።

የዕድሩ ሴቶች ወሬውን ሰምተው «የሂንጅሩ እመቤት» ይሏት ነበር። አብራ ትስቃለች።

አብተው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ሞተ። ሚኒባሱን ሲያጥብ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አለቀ። ድንኳን ተተከለ። ሾፌሮቹ ጥግ ይዘው ካርታ ሲጫወቱ ገላኔ በሸራው ጀርባ ወደ ጓሮ እያለፈች ነበር። አንዱ ካርታ እየጣለ «አብተው መቼ ሞተ? ሂንጅሩ ሄዶ ነው እንጂ» አለ። ሳቁ። ሌላው «እዚያማ የሚቀበለው አያጣም» አለ። ይሄኔ የበለጠ ሳቁ። ከዚያ ጥላዋን ሸራው ላይ አዩት መሰል፣ ዝም አሉ።

የጎዳት ሳቁ አልነበረም። ዝምታው ነው። ለቃሚ ዝምታን ያውቃል፤ ሴቶቹ ስለ አንዷ ሲያወሩ ያቺ ሴት ከገባች ጠረጴዛው ላይ የፍሬው ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ዓመቱ ሞልቶ ጥቁሩን ባወለቀች በሳምንቱ ፈይሳን አስጠራችው። ፈይሳ የአብተው ረዳት የነበረ ነው። አሁን ቦርጭ አውጥቷል፣ የልጆች አባት ሆኗል፣ ሚኒባሱንም የሚነዳው እሱ ነው።

«ላንጋኖ ውሰደኝ» አለችው።

«ከነማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«እትዬ ገላኔ፣ ብቻዎን ላንጋኖ ምን ይሠራሉ? ዋና ሊለምዱ ነው?»

«ሂንጅሩን ላያት ነው።»

ፈይሳ ማጅራቱን አከከ። «እሷን ይተዉአት እትዬ።»

«አለች ወይስ የለችም?»

«ስሟ ራሱ እኮ…»

«ስሟን ለእኔ ታስተምረኛለህ? አንተ ረዳቱ ነበርክ። አይተሃታል?»

«እኔ መኪና ጠባቂ ነበርኩ። ‹ፈይሳ፣ ጎማውን እይ፣ ሰዎቹ ከጠየቁ መጣ በላቸው› ይለኝና ይሄዳል። አመሻሽ ላይ ይመለሳል። የት ነበርክ ብዬው አላውቅም። ጋሽ አብተው ሲጠየቅ አይወድም።»

«ታዲያ ድንኳን ውስጥ ምን አሳቃችሁ?»

ፈይሳ መሬት መሬት አየ። «ሾፌር አይደለን እትዬ? ሰው ብቻውን ጠፍቶ ሲውል ምን ይባላል? እንዲያው ለጨዋታ ነው። ያየ ሰው የለም።»

ማታ ለማርቲ ነገረቻት። ማርቲ ስልኳን አስቀመጠች። «እማዬ፣ ብታገኚያትስ? ባታገኚያትስ? አባዬ እንደሆነ የለም።»

«ሳህኑን ባዶ ላደርገው ነው» አለች ገላኔ። ማርቲ የእናቷን ቋንቋ ታውቃለች፤ ሌላ አልጠየቀችም።

እሁድ ጠዋት ወጡ። ገላኔ ቦርሳዋ ውስጥ ዳቦ፣ ፎጣና ከድንጋዮቹ አንዱን ይዛለች።

«ፈጣኑን መንገድ ልያዝ?» አለ ፈይሳ ሞጆ ሲደርሱ።

«እሱ በሚሄድበት።»

በድሮው መንገድ ገቡ። ቆቃ ላይ ልጆች እንጆሪ በሳህን ዘርግተው መስኮቱን አንኳኩ። መቂ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ባቱ ጋሪና ባጃጅ፣ የዓሣ ሽታ ባለበት አንገታቸውን ቀብረው የቆሙ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች። ከባቱ በኋላ መንገዱ ቀጥ አለ፣ ግራሩ ሳሳ፣ አየሩ ውሃ መሰለ። ፀሐዩ በመስኮቱ ጭኗ ላይ ተኛ። ገላኔ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። በእንቅልፏ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛው ግን ውሃ ሆኗል። ቦሎቄዎቹ በላዩ ላይ ነጭ ሆነው ይሄዳሉ፤ ሁሉም ይንሳፈፋሉ፣ የሚሰምጥ የለም። እጇን ስትሰድ ይሸሻሉ። ማዶ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቷት ተኝቷል። መጥራት ፈለገች፤ የምትጠራበት ስም ጠፋት።

«ቡልቡላ ደረስን» አለ ፈይሳ።

ዓይኗን ስትገልጥ በስተቀኝ በሩቁ የአብጃታ ሐይቅ ነጭ ዳርቻ እንደ ወደቀ ሰማይ ተዘርግቷል። ሕልሙ ገና ያላለቀ መሰላት።

ፈይሳ ወደ ግራ ታጠፈ፤ አቧራው አለቀና ድምፁ መጣ።

መዝናኛው በሰው ተጨናንቋል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ የድርጅት ሠራተኞች ገመድ ይጎትታሉ፤ በሁለት ድምፅ ማጉያ ሁለት ዘፈን ይሰማል፤ ፈረስ የሚያከራዩ ልጆች ደንበኛ ይሻማሉ፤ ሞተር ጀልባ ውሃውን ይሰነጥቃል። አንዲት ሴት ከነቀሚሷ ወገቧ ድረስ ገብታ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ትጮኻለች። ገላኔ ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ሠላሳ ዓመት እዚህ የመጣ ሰው መጥፋት ቢያምረው አትፈርድም።

በሩ ላይ ያለውን ዘበኛ በአፋን ኦሮሞ ሰላም አለችው። «ሂንጅሩ ኤሳ?» አለችው፤ ሂንጅሩ የት ናት ማለቷ ነው።

ዘበኛው ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ማልቱ ሂንጅሩ?» ምኑ ነው የሌለው?

«ሂንጅሩ ነዋ!»

«እኮ፣ ምንሽ ጠፋ? ቦርሳ ነው? ልጅ ነው?»

«ምንም አልጠፋኝም። ቦታ ነው።»

«ቦታ የለም» አለ ዘበኛው፣ ተገላገልኩ ብሎ። «ወንበር ሁሉ ተይዟል። ከሰዓት በኋላ ሞክሪ።»

ፈይሳ ዞሮ ሳቁን ዋጠ። ገላኔ ግን አንድ ነገር ገባት፤ ይቺን ቦታ በስሟ ጠይቆ ማግኘት የሚችል ሰው የለም። ማንንም ብትጠይቅ መልሱ አንድ ነው። አብተው ይህን ያውቅ ነበር? ካወቀ መደበቂያ አበጅቷል። መደበቂያ ደግሞ ለሁለቱም ነገር ይሆናል፤ ለጸጥታም፣ ለሴትም።

አንድ ባጃጅ ነጂ ጭቅጭቃቸውን ሰምቶ ቀረበ። «ማዘር፣ ጸጥ ያለ ቢች ነው የምትፈልጊው? አለኝ። ቪአይፒ። አንድ ሰው የለበትም።»

ሄዱ። ወደ ውሃው ሾሎ ከገባው መሬት ዞር ብሎ ያለች የአሸዋ ዳርቻ ነበረች፤ እውነትም ቆንጆ ናት። አንዲት ሙሽራ መጋረጃ የሚያህል ቬሎዋን አራት ሚዜ ይዞላት ውሃው ጫፍ ላይ ቆማለች። ድሮን ከላያቸው ይንጫረራል። ፎቶ አንሺው «አሁን ብቻችሁን እንደሆናችሁ አስቡ!» እያለ ይጮኻል።

«ትናንት ባዶ ነበር» አለ ባጃጁ።

ወደ መዝናኛው ተመለሱ። ገላኔ ከባጃጁ ወርዳ አንድ ግንድ ላይ ተቀመጠች። የአብተውን ድንጋይ በመዳፏ እያገላበጠች አሰበች። ለቀማ ላይ ግራ ሲገባት እንደምታደርገው ከመጀመሪያው ጀመረች።

«ፈይሳ፣ ሲሄድ ምን ይዞ ነበር የሚሄደው?»

«ምንም። ፎጣ እንኳ አይዝም።»

«መንገዱስ?»

«መጨረሻውን አላየሁም። በዳሩ በኩል ወደዚያ፣ ወደ ደቡብ ነው። ጫማውን…» ፈይሳ ቆም አለ። «ጫማውን ማሰሪያውን ቋጥሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል።»

«ገና ከዚህ ሲነሳ?»

«ገና ከዚህ።»

ገላኔ ወደ ደቡብ አየች። የእያንዳንዱ መዝናኛ አጥር ወርዶ ውሃው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ሌላ አጥር፣ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ቋጥኝ። በየብስ የሚያስኬድ ነገር የለም። ጫማውን ያወለቀው መንገዱ ውሃ ስለሆነ ነው። በመኪና የማይደረስባት፣ በእግርም የማይደረስባት፤ አጥሩ ውሃው ውስጥ ባለቀበት፣ በጥልቁ በኩል እየዞሩ ብቻ የሚደረስባት።

ጫማዋን አውልቃ ማሰሪያውን ቋጠረችና አንገቷ ላይ አደረገችው።

«እትዬ! ልብስዎ!»

«ይደርቃል።»

ፈይሳ ሱሪውን ሰብስቦ ተከተላት። የመጀመሪያውን አጥር ሲዞሩ ውሃው ጉልበቷ ላይ ደረሰ፤ ሞቅ ያለ ነው፣ የልጅ ገላ ማጠቢያ ውሃ ይመስላል። ሁለተኛውን ሲዞሩ ጭኗ ላይ ደረሰ። ቀሚሷ እንደ ድንኳን ተነፋ። ቋጥኙ ጋ ሲደርሱ ፈይሳ አንዱ እግሩ ሾልኮ እስከ ደረቱ ገባ፣ ስልኩን ሰማይ ላይ አድርጎ ተረፈ።

«በቃ እትዬ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ። እዚህ ድንጋይ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ካገኙ ይጥሩኝ።»

ብቻዋን ቋጥኙን ይዛ ዞረች። ድንጋዩ ፀሐይ ጠጥቶ ይፋጃል። አንድ እርምጃ ላይ ሙዚቃው አለ፤ ቀጣዩ ላይ የለም። በር እንደ ተዘጋ ነው። ጆሮዋ እስኪለምድ ቆመች።

ትንሽ ዳርቻ ናት። ሁለት ግራር ተንጋደው ጥላቸውን አሸዋው ላይ ጥለዋል። ውሃው መጣ፣ ተመለሰ። በውሃው ጫፍ ላይ ግራጫ ነገር መስመር ሠርቶ ይወዛወዛል። ገላኔ ጎንበስ ብላ አየችው። ድንጋይ ነው። በብዛት፣ ትንንሽ፣ እየተጋጨ፣ ሳይሰምጥ። ማዕበሉ ሲገፋው ይመጣል፣ ሲስበው ይሄዳል። ድምፁን ታውቀዋለች። ጠረጴዛ ላይ ፍሬ ሲበተን የሚሰማው ድምፅ ነው።

ስለዚህ ቦታዋ አለች። ግማሹ ተወሰነ። ግማሹ ግን ግራሩ ሥር ተቀምጧል።

ግራሩ ሥር ሴት ነበረች።

ሻርፕ የተከናነበች፣ ከገላኔ በዕድሜ የምታንስ፣ ደልደል ያለች ሴት። አጠገቧ ሁለት አህያ ቢጫ ጀሪካን ተጭነው ቆመዋል። ገላኔን ከውሃ ስትወጣ አይታ አልደነገጠችም። ዓይኗን በእጇ ጋርዳ ጠበቀቻት።

«አካም ኦልተን» አለች ሴትዮዋ፤ እንዴት ዋሉ ማለቷ ነው።

ገላኔ መለሰች። ከዚህ በኋላ ያወሩት ሁሉ በአፋን ኦሮሞ ነው። የመጣችበትን ጥያቄ መጠየቅ አቃታትና ሌላውን ጠየቀች፤ «የዚህ ቦታ ስም ማን ይባላል?»

ሴትዮዋ ጥርሷን ገለጠች። «ስም የለውም። ፍየል ውሃ የሚጠጣበት ነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ በሕይወቴ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእሱም በደንብ አልመለስኩለትም።»

«ማን ነው?»

«አንድ አማራ። ሾፌር። ይቀመጡ እንጂ፣ ርሰዋል።»

ገላኔ ተቀመጠች።

ሴትዮዋ ሑስና ትባላለች። ቤቷ ከዳገቱ በላይ ነው። ያኔ፣ አለች፣ ልጅ ነበርኩ። የወታደር ምልመላ ጊዜ ነው። ወንድ ያያሉ፣ ይወስዳሉ። አባቴ ቀን ቀን እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛል። እናቴ ደግሞ ነግራኛለች፤ የከተማ ሰው መጥቶ ምንም ይጠይቅሽ፣ ምንም፣ «አባን ሂንጅሩ» በይ። አባት የለም።

«አንድ ቀን አንድ ወጣት ጫማውን አንገቱ ላይ አድርጎ እርስዎ በመጡበት መጣ። አማርኛ አላውቅም ያኔ። እጁን ወደ መሬቱ፣ ወደ ውሃው፣ ወደ ግራሩ እያደረገ ‹ማን፣ ማን› ይላል። እኔ አባቴን የሚፈልግ መስሎኛል። ‹ሂንጅሩ!› አልኩት። ደግሞ ጠየቀ። ‹ሂንጅሩ!› አልኩት ጮክ ብዬ። ‹ሂንጅሩ› አለ እሱም፣ ደስ ብሎት። ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ አመሰገነኝ። አባቴ እኮ ከዚህ እስከዚያች አህያ በሚያህል ርቀት ላይ በሆዱ ተኝቷል።»

ገላኔ አፏን በእጇ ያዘች። እየሳቀች እንደሆነ ያወቀችው ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው።

«ከዚያ ጀመረ። ሲመጣ ዳቦ ይዞልኝ ይመጣል። በስንት ጊዜው አባቴም ከቁጥቋጦው ወጣ። አማርኛ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሹፍርና ነው የሚያስተምረው እንጂ አማርኛ አይደለም፤ ያወቅኩት ሁሉ ‹ጎማ› እና ‹ትራፊክ› ነው።»

«ምን ያደርግ ነበር እዚህ?»

«ይተኛላ! እዚያች ጋ። እግሩን ውሃ ውስጥ አድርጎ። አንዳንዴ ድንጋይ ይለቅማል።»

ገላኔ ቀሚሷን ጨመቀች። ውሃው አሸዋው ላይ ተንጠባጠበ። «ከማን ጋር ነበር የሚመጣው?»

ሑስና የጥያቄውን ክብደት አልለካችውም። «ከማንም። ብቻውን ነው ሁልጊዜ።»

«አንድም ቀን ሰው ይዞ አልመጣም?»

«አንድም ቀን። እንዲያውም ጠይቄዋለሁ። ‹ሚስትህን አታመጣትም ወይ?› ብዬው አውቃለሁ። ምን አለኝ መሰለዎት?» ሑስና የአብተውን አማርኛ አስመሰለች፤ ወፍራም፣ ከደረት የሚወጣ። «‹ሚስቴ ጥሩ ትናገራለች። ስድስት ቀን አዳምጣታለሁ። ሰባተኛውን ቀን ምንም አላዳምጥም። እሷ ከመጣች ቦታው ይሞላል› አለ።»

አህያዋ ጆሮዋን አራገፈች። ውሃው መጣ፣ ተመለሰ።

ገላኔ ነገሩን ወዲያው ወደ የትኛውም ሳህን አላደረገችውም። በጣቶቿ መሀል አገላበጠችው። ሌላ ሴት የለችም። ደህና። የተሸሸገው ከእሷም ጭምር ነው። ይሄኛው ቀዳዳ አለው። ለፋሲካ፣ ለመስቀል ሲል የኖረው ሚኒባሱ ስለሞላ አልነበረም። ልትናደድ ሞከረች። ትዝ ያላት ግን የመዝናኛው ጩኸት፣ የፈረሱ፣ የጀልባው፣ «ሾፌር! ሾፌር!» የሚለው ጥሪ፣ ቤት ሲገባ ደግሞ እሷ፤ የመዘምራኑን ጠብ፣ የለቃሚዎቹን ወሬ፣ የማርቲን ትምህርት ቤት እያወራች፣ እየጠየቀች፣ መልስ ሳትጠብቅ እየቀጠለች። እሱ ደግሞ እየጎረሰ «እህ» ይላል። ያ «እህ» የማዳመጥ ነበር ለካ። እሷ የማያዳምጥ መስሏት ነበር የምትደግምለት።

ንዴቱ አልመጣም። እንቅልፍ የመሰለ ነገር መጣ። ፀሐዩ፣ የድንጋዮቹ ድምፅ፣ የአህዮቹ ትንፋሽ። እዚህ ቦታ ሰው ነቅቶ መቀመጥ የሚችል አይመስልም።

«እርስዎ ያውቁታል እንዴ?» አለች ሑስና። «ዓመት አለፈው። ልጆቼም ወደዚህ ሲመጣ አላዩትም። ዛሬ የት ነው?»

ገላኔ ወደ ሐይቁ እንዳየች መለሰች።

«ሂንጅሩ» አለች።

ሑስና መጀመሪያ ሳቀች፤ የድሮው ጨዋታ የተመለሰ መስሏት። ከዚያ የገላኔን ፊት አየችና ሳቋን ቀስ ብላ አጠፈችው። ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች። «አላህ ይማረው» አለች። ቆይታ «ሚስቱ ነዎት» አለች። አልጠየቀችም።

«እኔ ነኝ የምትናገረው።»

«እስካሁን ብዙ አልተናገሩም።»

«ደክሞኛል» አለች ገላኔ፣ ሁለቱም ሳቁ።

ከቦርሳዋ ዳቦውን አወጣች። አንድ ጥጉ ርሷል። ለሁለት ገምሳ ደረቁን ለሑስና ሰጠቻት፤ ሳይነጋገሩ በሉ። ሑስና አህዮቿን ነድታ ዳገቱን ስትጀምር ዞር ብላ «በዚህ በኩል መንገድ አለ እኮ፣ ውሃ ሳይነኩ» አለች። «እሱም ያውቀው ነበር። አልፈልግም አለ።»

ገላኔ ብቻዋን ቀረች። ሑስና ያሳየቻት ቦታ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች፤ ውሃው ተረከዟ ላይ ደረሰ። ከአዳማ ይዛው የመጣችውን ድንጋይ ከቦርሳዋ አውጥታ ውሃው ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ ዞረ። ከሌሎቹ ጋር ተደባለቀና የትኛው እንደሆነ ጠፋት። ለቃሚ ናት፤ ብትፈልግ ትለየው ነበር።

በጀርባዋ ተጋደመች። ሰማዩ በግራሩ ቅጠል መሀል ተወንፍቶ ይወርዳል። ዓይኗን ጨፈነች። ጠረጴዛው መጣ፣ ቦሎቄው መጣ። አሁን አይሸሽም።

ከቋጥኙ ማዶ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ ገላኔ! እትዬ! ኧረ መዝናኛው ጋ ያዘዝኩት ዓሣ ይቀዘቅዛል! ቦታዋ አለች?»

ገላኔ ዓይኗን አልገለጠችም። ከጠራችው ይመጣል። ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ለሾፌሮቹ ይልካል። ከዚያ በሚቀጥለው እሁድ ሙሽራ ይመጣል፣ ከነድሮኑ። ፈይሳ ደግሞ ልበ ቀና ነው፤ ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ለጋሽ አብተው ስም ብሎ ነው የሚያደርገው።

«እትዬ! አለች ወይስ የለችም?»

«ሂንጅሩ!» ብላ ጮኸች።

«ብያለሁ እኮ!» አለ ፈይሳ፤ ድምፁ ውስጥ ማዘንም መርታትም አለበት። «በቃ እኔ ቀድሜ ልብላ፣ እርስዎ ቀስ ብለው ይምጡ!»

እየተንቦጫረቀ ሲርቅ ሰማችው። ከዚያ ውሃው ብቻ ቀረ። መጣ፣ ተመለሰ።